ለምሳ የገባው ፈረንጅ

ፈረንጁ የአባቴ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የገባው ምሳ ፍለጋ ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። በር ላይ ቆሜ እንግዳ የምቀበለው እኔ ስለሆንኩ፣ ሲመጣ ምን እንዳደረገ በዓይኔ አይቻለሁ። ከውጭ ቆሞ ድንኳኑን ቃኘ፣ ክብ ክቡን ጠረጴዛ አየ፣ ሰው ሳህን ላይ ያለውን አጮለቀ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የምግብ ዝርዝር ፈለገ። ያገኘው የአባቴን የሞት ማስታወቂያ ነው። ከላይ እስከ ታች በጥሞና ተመለከተውና አንዱን መስመር መርጦ በጣቱ ጠቆመኝ። የመረጠው የቀብሩን ሰዓት ነበር።

"ይግቡ" አልኩት። ለቅሶ ቤት በር ላይ የቆመን ሰው ሌላ ምን ይሉታል?

አልፈርድበትም። እኛ ቾንግቺንግ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞትብን አንገታችንን ደፍተን አንቀመጥም። ግቢ ውስጥ ድንኳን ጥለን ሦስት ቀን እናበላለን፣ ማህጆንግ የሚሉትን የጠጠር ጨዋታ እናጫውታለን፣ አቅም ያለው ሙዚቀኛ ይቀጥራል። እኛ አቅሙ ባይኖረንም እናቴ ቀጥራለች። ፈረንጁ ሲገባ የሚያብረቀርቅ ቀሚስ የለበሰች ዘፋኝ ስለ ፍቅር ትዘፍናለች፣ አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ይበላል፣ ጥግ ላይ የማህጆንግ ጠጠር ይንኳኳል። አባቴ ከአበባ ጉንጉኖቹ ኋላ፣ ማቀዝቀዣ ባለው ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። ከበሩ ሆኖ ለሚያይ ሰው የለስላሳ ፍሪጅ ይመስላል።

ማስታወቂያው ላይ ያለው ስም ረን ቻንግፉ ይላል። ትናንት ጠዋት ስለጥፈው ጎረቤቶቻችን እያነበቡ "ማነው ደሞ እሱ?" እያሉ ያልፉ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አብረውት የኖሩ ሰዎች ናቸው። በኋላ ጋሽ ፓንግ፣ የአባቴ የወደብ ባልደረባ፣ ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና ከስሙ ሥር "በእጁ" ብሎ ጻፈበት። ይሄኔ ሰፈሩ በሙሉ ደረቱን እየመታ መጣ። "ውይ! በእጁ ሞተ!"

"ባልጽፈው ኖሮ ማን እንደሞተ ማን ያውቅ ነበር?" አለኝ ጋሽ ፓንግ። "ለናንተው ብዬ ነው፣ ዌንሉ።"

ቅጽል ስሙን ያወጣለት ራሱ ጋሽ ፓንግ ነው። ሰበቡን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ።

አባቴ የወደብ ኩሊ ነበር። በትልቁ ጎርፍ ዓመት፣ ውሃው ጎደል ሲል፣ አንድ ፈረንጅ ጭቃ በያዘው የወደብ ደረጃ ላይ ተንሸራቶ እግሩን ሰበረ። አባቴ የመሸከሚያ የቀርከሃ ዘንጉን ጥሎ ሰውየውን በጀርባው አዘለና ሦስት መቶ ምናምን ደረጃ ወጥቶ ሐኪም ቤት አደረሰው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያምነዋል። አባቴ ፒያኖ ተሸክሞ ያንን ደረጃ ወጥቷል፤ ፈረንጅ ከፒያኖ አይከብድም። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ ሰው ግቢው ውስጥ እየተናፈሰ አባቴ ታሪኩን አወራና፣ "ስንለያይ፣ ልጄ ሲያድግ እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ካንተ ጋር ይጠጣል አለኝ" ብሎ ጨረሰ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት የውጭ ቋንቋ የጀመርንበት ዓመት ስለሆነ ራሴን እንደ ሊቅ ነበር የማየው።

"አባዬ፣ በምን ቋንቋ ነገረህ?" አልኩት።

አባቴ ትንሽ አሰበ። "በእጁ" አለ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ሊያሳያቸው ሞከረ። መዳፉን ጉልበቱ አጠገብ ዘርግቶ፣ ቀስ እያለ እስከ ትከሻው ከፍ አደረገና መሬቱን ጠቆመ። ገና ሳይጨርስ ጋሽ ፓንግ "ምን ልጅ ነው፣ አሳማ ሲለካልህ ነው እንጂ!" አለ። ሰው በሳቅ ሆዱን ይዞ ተጣጠፈ። እኔም ሳቅኩ። እንዲያውም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፤ ትልልቆቹን ሁሉ ያሳቀ ጥያቄ የኔ ነበራ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በእጁ ሆኖ ቀረ። "ዛሬ ይዘንባል" ሲል "ሰማዩ በእጁ ነገረህ?" ይሉታል። እሱ አንድም ቀን አልተቆጣም፣ ታሪኩንም ደግሞ አንሥቶት አያውቅም። ብቻ አንድ ጠርሙስ የማሽላ አረቄ ገዝቶ አልጋው ሥር አስቀመጠ፤ ለማን ነው ሲሉት ወሬ ይቀይራል። በኋላ ዘመን ከተማው በቱሪስት ሲሞላ፣ ፈረንጅ ባለፈ ቁጥር ከወንበሩ ቀና ብሎ ያይ ነበር። እኔ አድጌ ሊፍት ጠጋኝ ሆንኩ፣ ሸበትኩም። ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ባለፈው ረቡዕ ሞተ።

ወደ ፈረንጁ ልመለስ። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ጺሙ ቀይ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ፣ ጀርባው ላይ ግንድ የሚያህል ቦርሳ አዝሏል። አስቀመጥኩት። በዱባ የበሰለ የአሳማ ሥጋ፣ ቶፉና የተቆላ ኦቾሎኒ ቀረበለትና አቀርቅሮ በላ። እናቴ ወጉ አይጓደል ብላ ነጭ የሐዘን ጨርቅ አምጥታ ራሱ ላይ አሰረችለት። ስጦታ መስሎት ደረቱን ይዞ አመሰገናት። በጨርቁ ፎቶ ሊነሳ ስልኩን ቢያወጣ ባትሪው አልቆ ዘግቷል። ጥቁሩን መስታወት ወደኔ አዞረልኝ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ካርታው፣ ገንዘቡ፣ ቋንቋው፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። እኛ ከተማ ስልኩ የዘጋበት ሰው እንደሞተ ይቆጠራል። ስለዚህ ወደ ድንኳን መምጣቱ አግባብ ነው።

ስሕተቱን የጀመረችው ወጥ የምታወጣው ጎረቤታችን እትዬ ሚን ናት። ሳህኑን ልትሞላለት መጥታ ፊቱን አየችና ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"ይሄ የፈረንጁ ልጅ ነው!"

"የየቱ ፈረንጅ?" አለ አንድ ማህጆንግ ተጫዋች።

"የበእጁ ፈረንጅ ነዋ! ያ እግሩ የተሰበረው! ይኸው ልጁን ላከው፣ ለቀብሩ ደረሰ!"

ማህጆንጉ ቆመ። በኛ ሰፈር ማህጆንግ የሚቆመው መሬት ሲንቀጠቀጥ ነው፣ ያውም ከጠነከረ። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ሂሳቡን ያሰላ ሰው የለም። እኔ አስልቼዋለሁ፦ የዚያ ሰውዬ ልጅ ቢያንስ ሃምሳ ሊጠጋው ይገባል። ላስረዳ አፌን ስከፍት ግን አንድ ነገር ሰማሁ።

"ጋሽ ረን እኮ ድሮም ውሸት አያውቅም" አለ አንዱ።

"ረን ቻንግፉ ማለት እኮ..." አለች ሌላዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ከልጅነቴ ወዲህ የአባቴን ስም ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አፌን ዘጋሁ።

እናቴ ወደ ቤት ገብታ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ሳይከፈት ግማሽ ሆኗል፤ አባቴ "በትነት ነው" ይል ነበር። ጠጋ ብዬ "እማዬ፣ እሱ አይደለም" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ፣ ቡሹን እየታገለች። "አንድ ጊዜ ተናግረህ አይተነዋል።"

ያላመነ አንድ ጋሽ ፓንግ ብቻ ነው። ሰማንያ ሊሞላው ነው፣ ጆሮው ደክሟል፣ ምላሱ ግን እንደ ድሮው ነው። "ልጁ ከሆነ ይናገራ!" አለ። "አባት የለውም? ስም የለውም?"

"በምን ይናገር፣ ስልኩ ዘግቶበት" አለች እትዬ ሚን።

"ይሰካላ!"

የድንኳኑን የመብራት መስመር የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ ክፍት ሶኬት የት እንዳለ አውቃለሁ። አንዱ የሙዚቀኞቹ ነው፣ አንዱ የሩዝ ማብሰያው ነው። የተረፈው ከአባቴ ራስጌ ያለው ነው። የስልኩን ገመድ ከሣጥኑ ገመድ ጎን ሰካሁትና እዚያው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እስኪሞላ ድረስ ፈረንጁ ዝም ብሎ መቀመጡ ከብዶት መሰለኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ የገጠመውን ሊነግረን ተነሣ። ሁለት ጣቶቹን መዳፉ ላይ አራመደ።

"በእግሩ ነው የዞረው!" አለ ጋሽ ፓንግ፣ ለኋላ ጠረጴዛዎች ጮክ ብሎ። እሱ ካልሰማ ሰው ሁሉ የማይሰማ ይመስለዋል።

ፈረንጁ ጣቶቹን ደረጃ አስወጣ። አስወጣ፣ አስወጣ፣ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ በአየር ላይ በር ከፈተና አፉን ከፍቶ ቀረ። መዳፉን በፊቱ ሽው ሽው አደረገ።

"ፎቅ ወጥቶ ወጥቶ በር ቢከፍት አስፋልት ላይ ወጣ! መኪና ሊገጨው ነበር!"

"አሥራ አንደኛው ፎቅ ይሆናላ" አለች እትዬ ሚን። "ታዲያ ተራራ ላይ በተሠራ ከተማ መንገዱ የት እንዲሆንለት ፈልጎ ነው?"

ፈረንጁ በግራ እጁ ቤት ሠራና ቀኝ እጁን በመሃሉ አሾለከው። ዓይኑ ፈጠጠ።

"ባቡሩ ሕንፃ ውስጥ ሲገባ አይቷል!"

"እህቴ እዚያ ነው የምትኖረው" አለ ማህጆንግ ተጫዋቹ። "ስልክ ስታወራ ካልሆነ ምንም አይላትም።"

ቀጥሎ ፈረንጁ በጣቶቹ የሆነ ነገር ወደ አፉ ሳበ። ምላሱን አውጥቶ አራገበ፣ እንባውን ጠረገ፣ ደረቱን እየደበደበ ሰማይ ሰማይ አየ።

"ቁርስ በልቷል!" አለ ጋሽ ፓንግ።

ከዚያ መንገድ እንደጠየቀ አሳየን። አንዷ አሮጊት ወደ ላይ ጠቆመችው፣ አንዱ ሽማግሌ ወደ ታች፣ ሦስተኛው ክንዱን ይዞ ወደ ጎን ወሰደው። ሦስቱም ልክ እንደሆኑ ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ባቡር ጣቢያው በሦስቱም ይኬዳል። ፈረንጁ በቆመበት ሦስት ጊዜ ዞረና እጆቹን ወረወራቸው።

"ጠፋ!" አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ፣ ጋሽ ፓንግን ሳይጠብቅ።

እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። ዓይኔ ስልኩ ላይ ነበር። ይህ ነገር ካልበራ አባቴ እስከ ነገ ቀብር ድረስ ረን ቻንግፉ ሆኖ ይቆያል። ከተቀበረ በኋላ ደግሞ ማን ይጠይቃል? የሚያስፈልገው ገመዱን አንዴ ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት ከኤሌክትሪክ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊቴን ወደ ሰው አድርጌ፣ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ ነቀልኩ።

ሣጥኑ መጮህ ጀመረ።

ዘፋኟ ዘፈኗን አቆመች። አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ሰው ዞሮ አየኝ። እናቴ መጥታ የተነቀለውን ገመድ ከእጄ ወሰደችና መልሳ ሰካችው።

"አሁን ደሞ አባትህን ልታሞቀው ነው?" አለችኝ።

ይሄኔ ስልኩ በራ። ጋሽ ፓንግ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ደረሰና ከገመዱ ነቅሎ ለፈረንጁ ሰጠው። ፈረንጁ ነካ ነካ አደረገና ወደ ጋሽ ፓንግ አፍ አስጠጋለት።

"አባትህ ማነው?" አለ ጋሽ ፓንግ፣ ስልኩ ውስጥ ሰው ያለ ይመስል እየጮኸ። "በጎርፉ ዓመት እዚህ ከተማ ነበር ወይ? ሟቹን ያውቀው ነበር ወይ?"

ስልኩ በፈረንጅ አፍ አወራ። ፈረንጁ ሰማ፣ ግራ ገባው፣ መለሰ። ከዚያ ስልኩ ደስ ደስ ባለው የሴት ድምፅ ለሁላችንም ነገረን።

"አባቴ የጥርስ ሐኪም ነው። አውሮፕላን ስለሚፈራ ከኖርዌይ ወጥቶ አያውቅም። ይቅርታ፣ ሟቹ ማለት ምን ማለት ነው? እዚህ ምግብ ቤት አይደለም?"

ይህን ተናግሮ ዘጋ። ስልኩ የኖረው ለአንድ ጥያቄና ለአንድ መልስ ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከኋላ ጠረጴዛ "አይ በእጁ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ሳቁ ተቀጣጠለ፣ ክፋት እንኳ የሌለው ሳቅ። ጋሽ ፓንግ "ብያለሁ!" አለ። ማህጆንግ ተጫዋቾቹ ጠጠራቸውን መደርደር ጀመሩ። እናቴ መለኪያውን ሞልታ እንደያዘች ቆማለች። አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን አባቴ ፊት ለፊቱ ሁለተኛ ጊዜ የተሳቀበት መሰለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፈረንጁ ራሱ ላይ ያለውን ነጭ ጨርቅ ነካ። አበባዎቹን አየ፣ የአባቴን ፎቶግራፍ አየ፣ ፍሪጁን አየ። እስከ አንገቱ ቀላ። ቦርሳውን አንሥቶ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን አስተካክሎ ፎቶው ፊት ሄደና፣ ወገቡን እስኪያመው ጎንበስ ብሎ፣ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳ። ሳቁ ቀነሰ።

ተመልሶ እኔ ጋ መጣ። ፎቶውን ጠቆመ፣ እኔን ጠቆመ። በራሴ አዎ አልኩት። ባዶ ሳህኑን ጠቆመ፣ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። በእጄ ግድ የለም አልኩት።

"ስጠው" አለችኝ እናቴ፣ መለኪያውንና ሁለተኛ አንድ ሙሉ መለኪያ እያስያዘችኝ። "አንተም ጠጣ። እንግዳ ነው፣ መጥቷል።"

ጠጣን። አረቄው ጉሮሮ ይልጣል። ፈረንጁ አሳለ፣ እንባውን ጠረገ፣ መለኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ደረቱን ነካና መዳፉን ጉልበቱ አጠገብ ዘረጋ። መዳፉን ቀስ እያለ እስከ ትከሻው ከፍ አደረገው። መሬቱን ጠቆመ፣ ይሄንኑ የኛን ግቢ መሬት። ባዶውን መለኪያ መልሶ አነሣና የኔን መለኪያ ነካ አደረገው።

"ልጄ ሲያድግ እዚህ ድረስ ይመጣል፣ ካንተ ጋር ይጠጣል ነው የሚለው!" አለ ጋሽ ፓንግ፣ ለኋላ ጠረጴዛዎች ጮክ ብሎ።

ማህጆንጉ እንደገና ቆመ።

ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጥኖ ወጣ።

"ጋሽ ፓንግ፣ በምን ቋንቋ ነገረህ?"

መልሱን የማያውቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም፤ ግን ሁሉም ጋሽ ፓንግን ይጠብቃል። ፎቶግራፉን ዞሮ አየ።

"በእጁ" አለ።

ማንም አልሳቀም። እናቴ ሌላ መለኪያ አምጥታ ለእሱም ቀዳችለት።